ባትሪውን ከመውቀሳችሁ በፊት

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ ከትዳር ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ መኪና ባትሪ ነው። ነገር ግን አንዲት መኪና ለሁለት የምትጠቀሙ ባልና ሚስት፣ ጠዋት ቁልፉ ተዙሮ መኪናዋ ዝም ስትል ምን እንደምትባባሉ ታውቁታላችሁ። «መብራት ሳታጠፊ ወጥተሽ ነው!» «ትናንት ማታ ቁጭ ብለህ ሬዲዮ ስታዳምጥ የነበርከው አንተ አይደለህ?» እኔም እንዲህ ዓይነት ነገር ተናግሬ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈውም በተናገርኩት ስላፈርኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሥራዬ አልፎ አልፎ ወደ ክፍለ ሀገር ያወጣኛል። አንድ ረቡዕ ማታ አሮጌዋን ኮሮላችንን ግቢ ውስጥ አቁሜ፣ ሐሙስ ንጋት ላይ በመሥሪያ ቤት መኪና ወጣሁ። ባለቤቴ በሥራ ቀን የምትሄደው በሰርቪስ ስለሆነ መኪናዋን የነካት አልነበረም። እሑድ ጠዋት ልጆቹን አልብሳ፣ የሰንበት ትምህርት የምታስተምርበትን ደብተር ይዛ ገብታ ቁልፉን ስታዞር፣ መኪናዋ «ጢቅ» ብላ ቀረች። ደግማ ብታዞርም ያው ነው። ልጆቹን ይዛ በታክሲ ሄደች፤ ስትደርስ የክፍሏን ልጆች ሌላ ሰው ይዟቸዋል።

ስመለስ ብዙም አልጠየቅኩም። «ባትሪው አርጅቷል» አልኩና አሮጌውን ሰጥቼ፣ በላዩ ገንዘብ ጨምሬ አዲስ ገዛሁ። የከፈልኩት ለልጆቹ ትምህርት ቤት ካስቀመጥነው ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስነዳት አንድም ቀን አላስቸገረችኝም። ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ለመስክ ሥራ ወጣሁ። እሑድ ጠዋት ስልኬ ጠራ፤ «ዛሬም አልነሣም አለች» አለችኝ ባለቤቴ። ያን ጊዜ ነው ያንን ቃል የተናገርኩት። «እኔ ስነዳት ደኅና ናት፤ አንቺ ስትነኪያት ነው የምትሞተው። የሆነ መብራት እያበራሽ ትተሽ ነው!» ስልኩ ድምፁ ወደ ውጭ ስለሚሰማ ልጆቹም ሰሙ። እሷ ምንም አልመለሰችልኝም።

ጥፋተኛው ማን እንደነበረ ወደ መጨረሻው ላይ እነግራችኋለሁ። በቅድሚያ ግን እናንተ እንደ እኔ ገንዘባችሁንም ቃላችሁንም ያለ ቦታው እንዳታወጡ፣ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ታንከሩ፣ ቧንቧው እና ጠጪው

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ሁሉ ይህን ለመረዳት አይከብዳችሁም። ባትሪው በግቢያችሁ እንዳለው የውሃ ታንከር ነው፤ ያጠራቅማል እንጂ አያመነጭም። ታንከሩን የሚሞላው ዲናሞው ነው። ዲናሞው በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ስለሚዞር፣ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ መብራቱንም ሬዲዮውንም እየመገበ የተረፈውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ትልቁ ጠጪ ደግሞ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ነው። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ቢሠራም በዚያች ቅጽበት ከ100 አምፔር በላይ ይስባል።

ይህ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በ1859 እ.ኤ.አ. ጋስቶን ፕላንቴ በተባለ ፈረንሳዊ የተሠራ ነው፤ መሠረታዊ አሠራሩ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የቤት መኪና ባትሪ በውስጡ 6 ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል ሲሞላ ወደ 2.1 ቮልት ይሰጣል፤ ስድስቱ አንድ ላይ 12.6 ቮልት ይሆናሉ። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

እንግዲህ ታንከራችሁ ባዶ ሆኖ ብታገኙት ምን ትላላችሁ? ምክንያቱ ከአራት አንዱ ነው። ታንከሩ ራሱ ተሰንጥቆ ይሆናል፤ የሚሞላው ቧንቧ ውሃ አልላከ ይሆናል፤ መጋጠሚያው ተደፍኖ ይሆናል፤ ወይም ሌሊቱን ሙሉ የተከፈተ ቧንቧ ይኖራል። ባዶ ስለሆነ ብቻ ሮጦ ታንከር የሚቀይር ሰው የለም። ባትሪ ላይ ግን ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ በጆሮአችሁ ስሙ

ቁልፉን ስታዞሩ መኪናዋ የምታሰማው ድምፅ ብዙ ይነግራችኋል።

ቶሎ ቶሎ «ጢቅ ጢቅ ጢቅ» ካለች፣ ሞተሪኖው ለመነሣት እየሞከረ በቂ ኃይል አላገኘም ማለት ነው። ባትሪው ባዶ ነው፤ ወይም መጋጠሚያው ላልቷል፣ ቆሽሿል።

አንድ ጊዜ ብቻ «ጢቅ» ብላ ዝም ካለች፣ የፊት መብራቱን አብሩና እንደገና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ክፉኛ ከደበዘዘ ወደ ባትሪውና ወደ መጋጠሚያው ተመልከቱ። መብራቱ እንደ ደመቀ ከቀረ ግን ሞተሪኖው ሊሆን ይችላል፤ ባትሪ ብትቀይሩ አይፈታላችሁም።

ምንም ድምፅ ሳይኖር መብራቱ ሁሉ ደኅና ከሆነ፣ መኪናዋ አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹ ፓርክ ወይም ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። ካልሆነ ከቁልፉ እስከ ሞተሪኖው ያለው መስመር ይፈተሽ።

እያቃሰተች፣ እየጎተተች የምትነሣ ከሆነ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። ብዙ ባትሪ ከመሞቱ በፊት እንዲህ እያለ ይናገራል፤ የሚሰማው ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ ሞርሴቶውን እዩ

የባትሪውን ሁለት ራሶች የሚያቅፉት ሞርሴቶዎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ መጋጠሚያው እየተደፈነ ነው። ሞርሴቶውን በእጃችሁ ስታወዛውዙት ከተንቀሳቀሰም ላልቷል። ይህን ብቻ በማስተካከል የተነሡ መኪኖች ብዙ ናቸው፤ ወጪውም ከሻይ ሂሳብ አይበልጥም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉ ይውጣ። በቅድሚያ የኔጋቲቩን (−) ሞርሴቶ ፍቱ፤ ቀጥሎ የፖዘቲቩን (+)። ስትመልሱ ደግሞ ፖዘቲቩ ይቅደም፤ ኔጋቲቩ ይከተል። ይህ ቅደም ተከተል የሚያስፈልገው የምትፈቱበት ቁልፍ በድንገት የመኪናዋን ብረት ቢነካ ብልጭታ እንዳይፈጥር ነው። ዱቄቱን በሙቅ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፤ ድብልቁ ግን በባትሪው ክዳን ቀዳዳ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ከዚያ እስኪያብረቀርቅ በሽቦ ብሩሽ ፈትጋችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ በላዩ ቫዝሊን ወይም ግራሶ ቀቡት። አንዳንድ መኪና ባትሪው ሲፈታ የሬዲዮ ኮድ ይጠይቃልና ኮዱን አስቀድማችሁ ያዙ።

አንድ ነገር አደራ። ባትሪ ላይ ስትሠሩ ቀለበታችሁን፣ የጋብቻ ቀለበታችሁንም ቢሆን፣ አውልቁ። ቀለበት በፖዘቲቩና በብረቱ መካከል ከገባ በቅጽበት ግሎ ጣትን ክፉኛ ያቃጥላል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሆነ ደግሞ ነጠላውንም ክራቫቱንም አስቀምጡ፤ የሚዞር ቺንጋ ጨርቅ ከያዘ አይለቅም።

ሦስተኛ፣ ለኩ

ቴስተር የሚባለው ትንሽ መለኪያ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ይገኛል። ዋጋው ከባትሪ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በቀጥተኛ ቮልት፣ በ20 ላይ አድርጉት። ቀዩን ጫፍ በፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን በኔጋቲቩ ራስ ላይ አሳርፉ።

የመጀመሪያው ልኬት መኪናዋ ቆማ ካደረች በኋላ፣ ጠዋት፣ ሳትነሣ ነው።

12.6 ወይም በትንሹ ከፍ ያለ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው።
12.4 ከሆነ ሦስት አራተኛ ያህል አለው።
12.2 ከሆነ ግማሽ ነው።
12.0 ከሆነ ሩብ ያህል ብቻ ቀርቶታል።
ከ11.9 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ልብ በሉ፤ 12 ቮልት ሲያዩ «ባለ 12 ቮልት ባትሪ አይደል፤ ደኅና ነው» የሚሉ አሉ። 12.0 ግን ደኅና አይደለም። ባትሪ ባዶውን በቆየ ቁጥር በእርሳስ ሳህኖቹ ላይ ጠንካራ ጨው እየተጋገረ ይሄዳል፤ የተጋገረው ደግሞ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ስለዚህ ባዶ የሆነ ባትሪ ሳይውል ሳያድር መሞላት አለበት።

ሁለተኛው ልኬት ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ነው። እዚህ ላይ ባልና ሚስት ብትተባበሩ ጥሩ ነው፤ አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ቁጥሩን ያነባል። የሞላ ባትሪ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ አቅሙ ደክሟል። ቻርጅ ተደርጎም ቁጥሩ ወደ 10.5 አካባቢ ብቻ የሚቆም ከሆነ ያችን 2.1 አስታውሱ፤ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ በእርግጥ መቀየር አለበት።

አራተኛ፣ ቧንቧው ይሞላል?

ሞተሩን አስነሥታችሁ እንደገና ለኩ። በጤነኛ መኪና ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.7 ባለው መካከል ይሆናል። አሁን የፊት መብራቱን፣ የሙቀት ማራገቢያውን፣ የኋላ መስታወት ማድረቂያውን አብሩና ነዳጅ ጥቂት እየረገጣችሁ ለኩ። ያን ጊዜም ከ13 መውረድ የለበትም። ሞተሩ እየሠራ ቁጥሩ 12 ላይ ቆሞ ቀስ በቀስ የሚወርድ ከሆነ ዲናሞው አይሞላም። አዲስ ባትሪ ብትገዙ እሱም በጥቂት ቀን ባዶ ይሆናል።

ዲናሞ ለማስፈታት ከመቸኮል በፊት ቀላሉን እዩ። ቺንጋው ተሰነጣጥቋል? ላልቷል? ጠዋት ስትነሣ ወይም መብራት ስታበሩ «ሲጥጥ» የሚል ጩኸት ካለ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። ቀጥሎ ከዲናሞው ጀርባ ያሉት ሽቦዎች መታሰራቸውን፣ ዋናው ፊውዝም ደኅና መሆኑን አረጋግጡ። እነዚህ ሁሉ ደኅና ከሆኑ ችግሩ በዲናሞው ውስጥ ነው። ካርቦኑ አልቆ፣ ሬጉሌተሩ ወይም ዳዮዱ ተቃጥሎ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሙሉ ዲናሞ መቀየር ሳያስፈልግ የተበላሸችዋን ክፍል ብቻ መለወጥ ይቻላል፤ ለጠጋኙ «ምኑ ነው የተበላሸው? አሳየኝ» በሉት።

ተቃራኒውም አለ። ቁጥሩ ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉሌተሩ አልቆጣጠር ብሏል። ባትሪው ይፈላል፤ ውሃው ያልቃል፤ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። እንዲህ ስትሸቱ ቶሎ ሞተሩን አጥፉ፤ ባትሪው እስኪቀዘቅዝም አትንኩት።

በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ባለ ባትሪ ምልክት ቀይ መብራትም ትረዳችኋለች። ቁልፉ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለባት። እየነዳችሁ ከበራች ዲናሞው መሙላት አቁሟልና ሬዲዮውን፣ ማራገቢያውን አጥፍታችሁ ወደ ቅርብ ጋራዥ ሂዱ። የሙቀት መለኪያውም አብሮ ከወጣ ግን ቺንጋው ተበጥሶ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ቆሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ወዲያውኑ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ቁልፉ ሲከፈትም ጭራሽ የማትበራ ከሆነ ደግሞ አምፖሏ ተቃጥላለች ወይም መስመሯ ተቋርጧል፤ ችግር ቢመጣ የሚነግራችሁ የለም።

አንድ የተለመደ ስሕተት ልጠቁማችሁ። «ሞተሩ እየሠራ ሞርሴቶውን ንቀለው፤ ካልጠፋ ዲናሞው ደኅና ነው» የሚሉ አሉ። በድሮ መኪኖች ይደረግ ነበር። ዛሬ ግን ባትሪው በድንገት ሲነቀል ቮልቱ ስለሚዘል የዲናሞውን ዳዮድና የመኪናዋን ኮምፒዩተር ሊያቃጥል ይችላል። ማንም ሰው በመኪናችሁ ላይ ይህን እንዲያደርግ አትፍቀዱ።

አምስተኛ፣ ሌሊት የተከፈተው ቧንቧ

አሁን ወደ እኛ ቤት ልመልሳችሁ። ከመስክ ስመለስ ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤ «የሚያውቅ ሰው እንጥራ»። በሰፈራችን በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የሸበቱ አባት አሉ፤ እሳቸውን ይዘን መጣን። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ጠየቁ፤ «የምትሞተው ስትነዳ ነው ወይስ ስትቆም?»

እኔ ከመናገሬ በፊት ባለቤቴ መለሰች። «ስትቆም ነው ጋሼ። አንድ ሌሊት ስታድር ምንም አትሆንም። ሁለቱንም ጊዜ አራት ቀን ከቆመች በኋላ ነው።»

«እህቴ፣ ግማሹን ሥራ ጨረስሽልኝ» አሏት። እኔ ግን ያን ያህል ጊዜ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም ነበር።

ባትሪውን ለኩ፤ ቻርጅ ተደርጎ ስለነበር ሙሉ ነው። ሞተሩ ሲነሣ 14.2፤ ዲናሞውም ጤነኛ ነው። ከዚያ የሚከተለውን አደረጉ፤ እናንተም ልታደርጉት ትችላላችሁ። ቁልፉን አወጡ፤ በሮቹን ዘጉ። የኔጋቲቩን ሞርሴቶ ፈቱ። ቴስተሩን ወደ 10 አምፔር አዙረው፣ የቀዩንም ገመድ መሰኪያ ወደ አምፔሩ ቀዳዳ ቀይረው፣ አንዱን ጫፍ በባትሪው ራስ፣ አንዱን በተፈታው ገመድ ላይ አደረጉ። እንግዲህ ከመኪናዋ የሚፈሰው ሁሉ በቴስተሩ ውስጥ ያልፋል። በዚህ ጊዜ በፍጹም መኪናዋን ለማስነሣት አትሞክሩ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል። ስትጨርሱም የቀዩን ገመድ ወደ ቮልቱ ቀዳዳ መልሱ።

ቆማ ያለች መኪና ለሰዓቷና ለሬዲዮዋ ማስታወሻ ጥቂት ትወስዳለች። ከ0.05 አምፔር በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። አዳዲስ መኪኖች ኮምፒዩተራቸው እስኪተኛ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጁ ስለሚችሉ ታገሡ። የእኛ ግን 0.45 አሳየች።

«ይኸው ሌባው» አሉ። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩን ማየት ጀመሩ። የውስጥ መብራቱ ፊውዝ ሲነቀል ቁጥሩ ወደ 0.03 ወረደ። በጣራው ላይ ያለው መብራት ግን ጠፍቷል። ሰውየው ዞረው የኋላውን ኮፈን ከፈቱና እጃቸውን ወደ ትንሿ አምፖል ሰደዱ፤ ወዲያው መለሱት። ታቃጥል ነበር። ኮፈኑ ሲዘጋ የምታጠፋት ማብሪያ ማጥፊያ ተጣማ ነበር፤ በተዘጋው ኮፈን ውስጥ ቀንና ሌሊት ትበራ ኖራለች።

«ከባድ ዕቃ ጭናችሁበት ታውቃላችሁ?» አሉን። ባለቤቴ ወደ እኔ አየች፤ አልተናገረችም። ከሁለት ወር በፊት ከእህል በረንዳ አንድ ኩንታል ጤፍ እየገፋሁ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ሂሳቡን እንሥራው። 5 ዋት የሆነች አምፖል በ12 ቮልት 0.42 አምፔር ያህል ትስባለች። በ24 ሰዓት 10 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ባትሪያችን ባለ 45 ነው። እኔ በየቀኑ ስነዳት በሌሊት የጠፋውን ዲናሞው ቀን ይመልስ ነበር። ከረቡዕ ማታ እስከ እሑድ ጠዋት ግን ወደ 35 አምፔር ሰዓት ፈሰሰ። «እኔ ስነዳት ደኅና ናት» ያልኩት እውነት ነበር፤ ከእውነቱ ያወጣሁት ፍርድ ግን ሐሰት ነበር። ሰጥቼው የመጣሁት አሮጌ ባትሪም፣ ሰውየው እንደ ነገሩኝ፣ ገና የሚያገለግል ሳይሆን አይቀርም።

እናንተም ይህን ስትፈልጉ ከፋብሪካ በኋላ የተጨመሩትን አስቀድሙ፤ ቴፕ፣ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ስልክ መሙያ። የኋላውን ኮፈን ለማየት ደግሞ ስልካችሁ ቪዲዮ እየቀረጸ ውስጥ አስቀምጡትና ዝጉት፤ መብራቱ መጥፋት አለመጥፋቱን ያሳያችኋል።

ከሌላ መኪና ስታስነሡ

ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ሲጋራም ክብሪትም አይቅረበው፤ በጨለማም ላምባ ወይም ሻማ ይዛችሁ አትመልከቱ። ኬብሉን በዚህ ቅደም ተከተል እሰሩ።

1. ቀዩን በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ።
2. የቀዩን ሌላ ጫፍ በጤነኛው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ።
3. ጥቁሩን በጤነኛው ባትሪ ኔጋቲቭ ላይ።
4. የጥቁሩን ሌላ ጫፍ ከሞተው ባትሪ ራቅ ብሎ ባለ፣ ቀለም በሌለው የሞተር ብረት ላይ።

የመጨረሻው ማሰሪያ ብልጭ ስለሚል ነው ከባትሪው የሚርቀው። ጤነኛዋን መኪና ጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁ የሞተችውን አስነሡ፤ ከዚያ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ፍቱ። ሁለቱም ባትሪዎች እኩል ቮልት መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ከባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና አታስነሡ። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ ያህል በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

በግፊ ማስነሣት ለማንዋል ማርሽ ብቻ ነው፤ አውቶማቲክ መኪና ተገፍቶ አይነሣም። ሞተሩ ሳይነሣ ፍሬኑም መሪውም ስለሚከብድ ቁልቁለት ላይ አትሞክሩት።

ከተነሣች በኋላም ነገሩ አላለቀም። ከቤት እስከ ገበያ በትራፊክ መጨናነቅ እየቆሙ መሄድ ባዶ ባትሪ አይሞላም። ባትሪ ቻርጅ ቤት ወስዳችሁ ሌሊቱን በቀስታ አስሞሉት።

ኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ

አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ቤተሰቦች በዝተዋል። «እኛ ይህ አይመለከተንም» እንዳትሉ። በአብዛኞቹ ውስጥ ከትልቁ ባትሪ ሌላ አንድ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ፤ በሮቹን፣ ዳሽቦርዱንና ኮምፒዩተሩን የሚያስነሣው እሱ ነው። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሹ ከሞተ መኪናዋ አትነሣም። ዲናሞ የላትም፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ የሚያቀብል መሣሪያ ነው ያላት። ትንሹን እንደ ማንኛውም ባትሪ ለኩት። ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ገመድ ግን በፍጹም አትንኩ፤ ሰው ሊገድል የሚችል ኃይል አለው።

መግዛት የግድ ከሆነ

ባትሪ ዘላለም አይኖርም፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ስትገዙ የአምፔሩ መጠን ለመኪናችሁ የተባለው መሆኑን፣ ራሶቹም በትክክለኛው ጎን መሆናቸውን እዩ። እዚያው አስለኩት፤ ከ12.4 በታች ከሆነ መደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይቷል። የገዛችሁበትን ቀን በማይጠፋ ቀለም ባትሪው ላይ ጻፉ፤ ደረሰኙንም አስቀምጡ። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ በየወሩ ውሃው የእርሳስ ሳህኖቹን መሸፈኑን እዩ፤ ከጎደለ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምሩ እንጂ የቧንቧ ውሃ ወይም አሲድ አትጨምሩ። አሮጌውን ግቢ ውስጥ አትጣሉት፤ እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ለሻጩ መልሱት።

ውድ አንባቢያን፣ ማብሪያ ማጥፊያዋን ሰውየው በፒንሳ አቀኗት፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀባቸውም። የእኔ ግን ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ባለቤቴን ይቅርታ የጠየቅኳት ልጆቹ ባሉበት ነው፤ የወቀስኳትም እነሱ እየሰሙ ስለነበረ። ትልቁ ልጄ «ታዲያ እማዬ አይደለችም?» አለኝ። «አይደለችም፤ እኔ ነኝ» አልኩት። አሁን ቴስተሩ በቤታችን መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መኪናዋ አልነሣም ስትል አንዳችን ቁልፉን እናዞራለን፣ አንዳችን ቁጥሩን እናነባለን።

እስከሚቀጥለው እትም ድረስ በቤታችሁ ሰላም ይሁን።